ቆመው የጠየቁልኝ ሰው

ባለፈው እሁድ ልጄን ሩትን ለመጠየቅ የመጡት ሦስት ሽማግሌዎች ገና በሩን እንዳለፉ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። አንደኛው እንዲያውም ትራሱን ከጀርባቸው አመቻችተው፣ እኛ ያለንበት ሰዘርን ሃይላንድስ ድረስ ሲመጡ መንገዱ በጥገና ምክንያት እንዴት እንደተጨናነቀ ያወሩልን ጀመር። ባለቤቴ ሊዲያ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና አየችኝ። እኔም አየኋት። ሳቃችንን ለመያዝ ሁለታችንም ከንፈራችንን ነከስን።

ጥፋታቸው አይደለም። የላካቸው ልጅ ናታን እዚሁ ላስ ቬጋስ ተወልዶ ያደገ ነው። ሰዎቹም የአባቱ ጓደኞች፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ተነስተው የመጡ ደጋግ ሰዎች ናቸው። ግን እኔ በማውቀው ወግ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ አይቀመጥም። ጉዳዩን ቆሞ ይናገራል፣ ቆሞ መልስ ይጠብቃል፣ መልስ ካላገኘም እንደቆመ ይመለሳል። በአማቴ በአቶ ዘለቀ ቤት ደግሞ ሕጉ ጠበቅ ያለ ነበር። እሺ ሊሉ ካልሆነ በቀር "ተቀመጡ" የሚለው ቃል ከአፋቸው አይወጣም።

ይህን የማውቀው ራሴ ስላለፍኩበት ነው። እንግዶቻችን ሻያቸውን ሲጠጡ የእኔ ሐሳብ ኖርዝ ላስ ቬጋስ ወደሚገኝ አንድ መስኮት ሄዶ ነበር።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ይህ የምንኖርበት ሰፈር ቁጥቋጦና ጠጠር ነበር። ከተማው አሮጌ ሆቴሎቹን በፈንጂ እያፈረሰ በቦታቸው የማያልቁ ሕንፃዎች ይሠራል፤ ሕዝቡም ሲፈርሱ ለማየት ወንበር ይዞ ይወጣል። የማፍረስ ድግስ ያየሁት እዚህ ብቻ ነው። የእኛ ሰው ያኔ ጥቂት ነው፤ ጥቂቱም ወጣት። ሁሉም ካዚኖ ውስጥ ይሠራል። ቁማር አከፋፋዩ፣ መኪና አቋሚው፣ አልጋ አንጣፊዋ እሁድ እሁድ በአማርኛ በምታመልከው ትንሽ ቤተ ክርስቲያናችን ይገናኛሉ። ስለዚህ ፓስተራችን ቁማርን ሲያወግዙ መጫወቱን እንጂ ሺፍቱን እንዳይነኩ በጣም ይጠነቀቁ ነበር።

እኔ የሊሞዚን ሾፌር ሆንኩ። የምሠራበት ካዚኖ ከትልልቆቹ የሚቆጠር አልነበረም፤ ደንበኞቹ ግን ከሩቅ አገር በአውሮፕላን የሚመጡ ባለጠጎች ነበሩ። ባለቤቱን በሩቁ ነው የማውቃቸው። ክራባታቸውን የማያላሉ፣ አንድ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ፈረንጅ። አንድ የሐምሌ ቀትር ላይ፣ አስፋልቱ ጫማ በሚያቀልጥበት ሰዓት፣ እሳቸውን ይዤ እንድሄድ ታዝዤ በር ላይ እጠብቃለሁ። ዘገዩ። ሰው የለም ብዬ በአማርኛ "ይሄ ሽማግሌ ደግሞ ዛሬ አይወጣም እንዴ?" አልኩ።

"ሽማግሌው ወጥቷል" አለ ከኋላዬ አንድ ድምፅ፣ በአማርኛ። "በሩን ክፈትለት።"

ዞር ስል ራሳቸው ናቸው። ግሪካዊ ናቸው፤ ግን ተወልደው ያደጉት ድሬዳዋ ነው። አባታቸው ከዚራ በሚባለው ሰፈር ሱቅ ነበራቸው። ስማቸው ያኒ ነው፤ እኔም በአገራችን ፈረንጅ በሚጠራበት በድሮው ወግ "ሙሴ ያኒ" አልኳቸው። ያን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ላይ የታየው ደስታ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸውን የምነዳው እኔ ሆንኩ። መኪናው ውስጥ የምናወራው ስለ ድሬዳዋ ነው፤ ይበልጡን እዚያ በየግቢው ስለሚበቅለው ፍሬ፣ ስለ ዘይቱን። እዚህ አገር ሰው ዘይቱን ማለት ምን እንደሆነ አያውቅም ይላሉ፤ ሸተት እስኪል ካልበሰለ ዘይቱን አይደለም ይላሉ። ሎን ማውንቴን አጠገብ ባለው ግቢያቸው አንድ ዛፍ ተክለው ክረምት ሲመጣ በብርድ ልብስ ይጠቀልሉት ነበር።

ሊዲያን ያወቅኋት በመዘምራን ውስጥ ነው። እናቷ በልጅነቷ ስለሞቱ ከአባቷ ጋር ትኖራለች። አቶ ዘለቀ በወጣትነታቸው ድሬዳዋ የባቡር ሠራተኛ የነበሩ፣ ኖርዝ ላስ ቬጋስ መጋዘን ውስጥ የሚሠሩ፣ ጸሎታቸውም ቁጣቸውም አጭር የሆነ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ያለ ሽማግሌ እንደማይሰጡ አስቀድመው አስታውቀዋል። ችግሩ ሽማግሌ ከየት ይመጣል ነው። በከተማው ውስጥ ለዚህ የሚሆን ሰው ቢፈለግ ጋሽ ይልማ ብቻ ነበር። እሱም የካርታ አከፋፋይ ነው፤ ገና ጎልማሳ ሳለ ፀጉሩ ያለ ዕድሜው ስለሸበተ ለሽምግልና እጅግ ይፈለግ ነበር። ሠርግ በበዛበት ወቅት ቀጠሮ የሚያዘው እንደ ሐኪም ነው። ለሁለተኛነት ወንድም ታምሩ የሚባል ዝምተኛ የቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን ተገኘ። ሦስተኛ ጠፋ።

እኔም ለሙሴ ያኒ ነገርኳቸው። ልጠይቃቸው አልነበረም፤ እያጫወትኳቸው ነው።

"እኔስ?" አሉ ከኋላ ወንበር። "ለአባቴ ሱቅ ሠራተኛ ሽማግሌ ሆኜ ሄጄ አውቃለሁ። እንዴት እንደሚቆም አውቃለሁ።"

የካዚኖ ባለቤት ወደ ጴንጤ ቤት ሽማግሌ አድርጎ መላክ ብልህነት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ድሬዳዋን ድሬዳዋ ያለሰልሰዋል ብዬ አሰብኩ።

የመጀመሪያው እሁድ ጥቅምት ላይ ነበር። ሙቀቱ ሰብሮ ሰው መስኮቱን መክፈት የሚጀምርበት፣ ከተራራው የሚወርደው ነፋስ የደረቀ ሣር የሚሸትበት ጊዜ። በወጉ ሙሽራው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ግን ሾፌሩ እኔ ነኝ፣ ምን ይደረግ። ሊሞዚኑን ከቤቱ ማዶ ፓርክ አድርጌ ውስጡ ተቀመጥኩ። የሰፈሩ ልጆች ዝነኛ ሰው የመጣ መስሏቸው ከበቡኝ። ከመንገዱ ማዶ የአቶ ዘለቀ ሳሎን መስኮት ይታየኛል። የቆሙ ሦስት ሰዎች ራስ በስሱ መጋረጃ ውስጥ ይታያል። ሽበታሙ ጋሽ ይልማ፣ ጥቁሩ ወንድም ታምሩ፣ መላጣው ሙሴ ያኒ። ዓይኔን ከሦስቱ ራሶች ሳልነቅል ቆየሁ። ከወጥ ቤቱ በኩል ሊዲያ የምታቁላላው ሽንኩርት እስከ መኪናው ይሸተኛል። ከተቀመጡ ይበላል፤ ካልተቀመጡ የለም።

ሽማግሌዎቼ በጣም ቆዩ፤ ራሶቹ ግን ዝቅ አላሉም። በኋላ ሊዲያ እንደነገረችኝ ጋሽ ይልማ ንግግሩን አሳምሮ ከጨረሰ በኋላ አባቷና ሙሴ ያኒ ድሬዳዋን አነሱ። የከዚራን ጥላ፣ የባቡሩን ፉጨት፣ ማታ ማታ በጋዜጣ ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ጣፋጭ፣ ሙሸበክን አንስተው ሠርጉን ረሱት። አቶ ዘለቀ በጨዋታው መሃል እጃቸውን ወደ ወንበሩ ዘርግተው "ተ…" ካሉ በኋላ ቃሉን መልሰው ዋጡት። "ሁለት ሳምንት ስጡኝ። ልጸልይበት" ብለው ሸኟቸው።

ሙሴ ያኒ ጉልበታቸውን እያሹ ወደ መኪናው ሲገቡ "ቃሉ አፋቸው ላይ ደርሷል" አሉኝ። "ሌላ እሁድ ይወርዳል።"

እኔ ሠርጌን በልቤ ደገስኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።

በሳምንቱ አንድ ምሽት ሊዲያ ደወለች። "ዜናውን ቼክ አድርገሃል? ቲቪ ላይ ነህ እኮ።"

ከፈትኩ። ሙሴ ያኒ ከሊሞዚን ሲወርዱ ይታያሉ። በሩን ይዞ ቀጥ ብሎ የቆመው፣ ነጭ ጓንት ያደረገው ልጅ እኔ ነኝ። መንግሥት ክስ መሥርቶባቸዋል። ድንበር ተሻጋሪ የተደራጀ ወንጀል ነው የተባለው። በካዚኖው በኩል የኮንትሮባንድ ገንዘብ ያጥባሉ፣ በየወደቡ ሰው አላቸው፣ መረቡ ከሩቅ ምሥራቅ እስከ አውሮፓ ተዘርግቷል፣ የመረቡም አለቃ እሳቸው ናቸው ተባለ። ሌላ ምስል ስላልነበራቸው ይመስለኛል ያችኑ ምስል ደጋግመው አሳዩ። ሳምንቱን ሙሉ ዜናው በተነገረ ቁጥር እኔ በሩን ስከፍት ዋልኩ።

"አባባ አይተዋል?" አልኳት።

"አጠፋው፤ ከዛ መልሶ ከፈተው። 'በር የሚከፍተው ማነው?' አለኝ። ምን ልበለው? ከዛ 'ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር' ብሎ ዝም አለ።" ምሳሌው መጨረሻው ላይ ብልግና ስላለበት አቶ ዘለቀ አልጨረሱትም። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ጨረስኩላቸው።

ፍርሃቴ ሊዲያን ማጣት ነበር። እሷ አባቷ እምቢ ያሉትን አታገባም፤ እኔም እንድታደርገው አልጠይቃትም። መርማሪዎችም ጠርተውኝ ማንን አመጣህ፣ ማንን ወሰድክ አሉኝ። ከሙሴ ያኒ ጋር በአማርኛ ምን እንደምናወራ ሲጠይቁኝ "ስለ ዘይቱን" አልኩ። ደጋግመው ጠየቁኝ፤ ደጋግሜ ዘይቱን አልኩ። የምስጢር ቃል መስሏቸው ይሆን እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ። እኔን አሰናበቱኝ፤ ካዚኖው ግን ለጊዜው ተዘጋ፣ ሊሞዚኑም ተወሰደ።

ጋሽ ይልማን አማከርኩት። ሙሴ ያኒን በሌላ ሰው ብንተካስ?

"ሽማግሌ አይቀየርም" አለኝ። "ሦስተኛውን ለውጠን ብንመለስ የፊተኛውን ምን በላው ይባላል።"

"ምን እንደበላው እኮ በቲቪ አይተዋል።"

"እሱም ልክ ነው" አለ፤ ሽበቱ ለዚህ አልጠቀመውም።

ሙሴ ያኒ በዋስ ወጥተው ቤታቸው ነበሩ። ሄድኩ። ግቢው ውስጥ፣ ከዚያች ዛፍ ሥር ያለ ክራባት ተቀምጠዋል። እንደዚያ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። ስለ ክሱ አላነሱም፤ እኔም አላነሳሁባቸውም። ብጠይቃቸው ምን እንደሚመልሱልኝ ያስፈራኝ ነበር።

"እሁድ በስንት ሰዓት ነው?" አሉ።

"ሙሴ፣ ባይደክሙስ…"

"ብቀር ሸሸ ይባላል፤ ያ በአንተ ላይ ነው የሚቆጠረው። መጥተህ ውሰደኝ።" ምን ሊሉ እንዳሰቡ አልነገሩኝም።

ሁለተኛው እሁድ ላይ በጋሽ ይልማ አሮጌ ቶዮታ ሄድን። ሙሴ ያኒ ከዛፋቸው የለቀሙትን ዘይቱን በወረቀት ከረጢት ይዘው ስለነበር መኪናው ውስጥ ሽታው ሞላ። ከቤቱ ማዶ አቆምኩ። ከወጥ ቤቱ ምንም አይሸትም። ሊዲያ ተስፋ ቆርጣ ምንም አልሠራችም።

ሦስቱ ራሶች በመጋረጃው ውስጥ ታዩ። መላጣው ከሁለቱ ቀደም ብሎ ነው የቆመው። አራተኛው የአቶ ዘለቀ ራስ ፊት ለፊታቸው ነው። ማንም የሚነቃነቅ የለም። መሪውን በሁለት እጄ ይዤ ጸለይኩ፤ ምን እንደጸለይኩ አላውቅም።

ከዚያ መላጣው ራስ ዝቅ አለ።

ጉልበታቸው ከድቷቸው የወደቁ መሰለኝና በሩን ከፍቼ ልሮጥ አንድ እግሬን አወጣሁ። ሽበታሙም ዝቅ አለ። ጥቁሩም ዝቅ አለ። ሦስቱም ጠፉ። በመጨረሻ የአቶ ዘለቀ ራስ ቀስ ብሎ ወረደ፤ መስኮቱም ባዶ ሆነ። አንድ እግሬ አስፋልት ላይ፣ አንዱ መኪናው ውስጥ እንዳለ አለቀስኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ ያን ባዶ መስኮት የሚያህል ደስ ያሰኘኝ የለም።

የተባለውን የነገረችኝ በበሩ ቀዳዳ ስትሰማ የነበረችው ሊዲያ ናት።

"አቶ ዘለቀ" አሉ ሙሴ ያኒ፣ "ዛሬ ልጅ ልጠይቅ አልመጣሁም። ከሽምግልናው ልወጣ ነው የመጣሁት። በስልክ ማለት እችል ነበር፤ ግን ፊትዎ ቆሜ የጀመርኩትን ፊትዎ ቆሜ ልተወው ብዬ ነው። ሽማግሌ ለሰው ሲቆም የሚያሲዘው ስሙን ነው። የእኔን ስም ሌሎች ይዘውታል።"

"የሚሉት እውነት ነው?" አሉ አቶ ዘለቀ።

"እሱን ለዳኛው እመልሳለሁ። ለእርስዎ የምለው አንድ ነው። ልጁ መኪና ነድቶልኛል፣ በር ከፍቶልኛል። ከዚያ ያለፈ ነገር አላዘዝኩትም፤ ባዝዘውም አይሠራውም ነበር። በእኔ አይመዝኑት።"

"ስለ ራስዎ አንድ ቃል አላሉም" አሏቸው አቶ ዘለቀ።

"ስለ ራሴ አልተላክሁም።"

ሊዲያ እንዳለችው አባቷ ያኔ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። መልሰው አደረጉና "ይቀመጡ" አሉ። ሙሴ ያኒ የተረዱ አልመሰሉም። "ጉልበትዎን ያምዎታል አይደል? ተቀመጡ አልኩ እኮ፤ ሦስታችሁም።"

የእሺታው ግብዣ የተረፈ ፓስታ ነበር። ሊዲያ በበርበሬና በቃሪያ አሙቃ አቀረበችው። ሙሴ ያኒ "በድሬዳዋ ክብር ያለው ምግብ ነው" ብለው ሁለቴ ደገሙ። ከዚያ ዘይቱኑ ወጣ። አቶ ዘለቀ አንዱን አንስተው ሳይበሉ ለረጅም ጊዜ አሸተቱት። እኔን ከመኪናው የሚጠራኝ ሰው እስኪገኝ ድረስ ፓስታው አልቆ ነበር።

ሠርጋችን ጥር ላይ ሆነ። ሙሴ ያኒ በዚያን ጊዜ ከቤታቸው እንዳይወጡ ታዘው ስለነበር አልመጡም። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አቶ ዘለቀ ከፊት መኪና ራሳቸውን አውጥተው "በሎን ማውንቴን በኩል" አሉ። አጃቢው ሁሉ ጡሩምባውን እያስጮኸ ሙሴ ያኒ በር ላይ ደረሰ። ክራባታቸውን አድርገው የበሩን መቃን ተደግፈው ይጠብቁን ነበር። "ግቡና ተቀመጡ" አሉን። ሊዲያ በዚያ ቀሚስ መቀመጥ ስላልቻለች ቆመን ኬክ በላን።

ክሱ ብዙ ፈጀ። ፍርድ ቤቱ ከክሶቹ ገሚሱን ጣለው፤ በገሚሱ ጥፋተኛ አላቸው። ታሰሩ፤ ሲፈቱም ወደ ግሪክ ተላኩና እዚያው አረፉ። ከተረጋገጡባቸው ነገሮች መካከል ሳስበው የሚከብደኝ አለ። በዚያ ገንዘብ ጀርባ የተጎዱ ሰዎች ነበሩ፤ እኔም ጠበቃቸው አይደለሁም። አንዳንድ ሰው ለአማቴ "ለልጅዎ ሽማግሌ የሆነው እኮ ወንጀለኛ ነው" ሲላቸው የሚመልሱት አንድ ነበር። "ሌላ ቦታ ዋሽቶ ይሆናል። እኔ ቤት አልዋሸም።" እኔ ከዚህ የተሻለ መልስ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ሰውን በሙሉ መዳኘት የሚችል አንድ ነው፤ እሱ ደግሞ ላስ ቬጋስ ውስጥ ቢሮ የለውም።

ባለፈው እሁድ እንግዶቻችን ከሄዱ በኋላ ሩት "ዳዲ፣ ቢቀመጡ ምንድነው ፕሮብሌሙ?" አለችኝ። ይህን ታሪክ ነገርኳት። እናቷ ፓስታው ላይ ስደርስ አረመችኝ፤ ቃሪያ አልነበረበትም ትላለች። ሩት መጨረሻው ላይ ስደርስ ስልኳን ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች።

ትናንት ናታን ደወለ። "ጋሽ ብርሃኑ፣ ሶሪ፣ አላወቅንም ነበር። እሁድ ድጋሚ ይመጣሉ። ግን… ለምን ያህል ጊዜ ነው የሚቆሙት? አንዱ አንክል ጀርባው ያመዋል።"

ጥሩ ልጅ ነው። ይህን ማሰቡ ራሱ ደስ አለኝ። እኔና ሊዲያ እሺ ለማለት ከወሰንን ሰንብተናል፤ ሊዲያ ለእሁድ የምትሠራውን ወጥ ስታወጣ ስታወርድ ነው የከረመችው። ጋሽ ይልማም፣ አሁን ፀጉሩና ዕድሜው የተስማሙለት፣ ከእኛ ወገን ሆኖ ሊገኝ ቃል ገብቷል።

ለናታን "ብዙ አላቆማቸውም" አልኩት።

ትንሽ ግን ይቆማሉ። ለእኔ የቆሙትም ሰው ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር።